ቅቤ የተቀባችው መኪና ዋጋ

ከመኪና ሥር ገብቼ ስወጣ ሰው እጄን ይዞ መጎተት የጀመረ ጊዜ «ታንጉት፣ በቃሽ» አልኩ። አስቀድሞ ጡረታ የወጣው ጉልበቴ ነው፤ እኔ ተከተልኩት እንጂ። ዛሬማ ወረታ መገንጠያው ላይ መኪናውን የሚሸጥ ሰው ስልኩን ያወጣና ፎቶዋን ይለቅቃል፣ ገዢው አዲስ አበባ ተቀምጦ በጣቱ እያገላበጠ ያያታል። አልከፋኝም፤ ዘመን ነው። ግን ስልክ አያሸትም። የእኔ ሥራ ደግሞ ግማሹ ማሽተት ነበር።

ሥራዬ ግምት ነው። መኪና የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ ወይም ከዘመዱ ጋር ውርስ የሚካፈል ሰው፣ ሁለቱም ወገን ያመነኝ እንደሆነ ይጠራኛል። አያለሁ፣ ዋጋ እጠራለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ውሉን የሚጽፈው ሌላ ነው። ለድካሜ ያለው ብር ይሰጠኛል፣ የሌለው ሩዝ ይሰፍርልኛል። በዚሁ ልጆቼን አሳድጌያለሁና ምስጋና እንጂ ምሬት የለኝም።

«ሴት ሆነሽ እንዴት እዚህ ሥራ ገባሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ የለም። በሻይ በኩል ነው የገባሁት። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚለያይበት ጥግ ሻይና ፓስቲ እሸጥ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከታርጋ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት «አማ»፣ ቀጥዬ «አአ»። ቁጥሩንም ከዚያው ለቀምኩ። ከዚያ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ስፖንዳ ላይ የሚጻፈውን ጥቅስ ሁሉ። ከስፖንዳ የተማረ ሰው ወሬ አያልቅበትምና ታገሡኝ።

ደንበኞቼ ደላሎች ነበሩ። አንዱ አያ ፈንታ ናቸው፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። በወጣትነታቸው ከብት ያሻሽጡ ነበር፤ ኋላ ገበያው ወደ መኪና ሲያደላ እሳቸውም አብረው አደሉ። ሌሎቹ መኪና ከበው አንዱ ጎማ ሲረግጥ፣ አንዱ ኮፈን ሲከፍት፣ እሳቸው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሻዬን ይጠጣሉ።

«አያ፣ ምነው እርስዎ አያዩዋትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እያየሁ እኮ ነው። አቋቋሟን እያየሁ ነው። የታመመ በሬ ሲቆም አንድ እግሩን ያሳርፋል፤ መኪናም እንደዚያው ናት። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ የትኛውን እግሯን ነው ያሳረፈችው?»

የሻይ ማንቆርቆሪያዬን አስቀምጬ አየሁ። «የግራ የኋላዋን» አልኩ።

ብርጭቆውን መለሱልኝና «ሻይሽን ለጎረቤትሽ ተይላትና ተከተይኝ» አሉ። በዚያው ተከትያቸው ቀረሁ።

አያ ፈንታ መኪና የሚያዩት ማለዳ ነው። ፀሐይ በጉና ተራራ በኩል ብቅ ስትል ብርሃኗ በላሜራው ላይ ተኝቶ ይሄዳል። ያን ጊዜ ያልተጋጨች መኪና እንደ ረጋ ውሃ ትሆናለች፤ ተጋጭታ በስቱኮ የተደፈነችዋ ግን ነፋስ እንደነካው ውሃ ትርገበገባለች። ቀትር ላይ ይህ አይታይም። ለዚህ ነው ብልጥ ሻጭ ሁልጊዜ «ከምሳ በኋላ ኑ» የሚለው።

ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን ደግሞ የሰጠመ መኪና ታጥቦ፣ ሽቶ ተረጭቶ ገበያ ይወጣል። «የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳቢው» ይሉኛል አያ። ስስበው ከመጠቅለያው ውስጥ የደረቀ ዋልካና የሩዝ ቅርፊት ይራገፋል። ሰው ምንጣፍ ያጥባል፣ ወንበር ያጥባል፤ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስቦ ያጠበ ሻጭ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቀበቶው ከዋሸ ከምንጣፉ ሥር ያሸታሉ። የጎርፍ ሽታ እንደ አሮጌ ጉድጓድ ነው፤ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዋጋ ሳይጠሩ ከባለ መኪናው ቤት እህል አይቀምሱም፤ «የበላ አፍ ያፍራል» ይላሉ። ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ደግሞ ነውሯን ለባለቤቷ ፊት ለፊት ይናገራሉ። «ዋጋ ብቻውን ሲጠራ ስድብ ነው፤ ምክንያቱ ሲቀድም ምክር ይሆናል» ነው ነገሩ። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት ቀይ የቤት መኪና ወድጄ ስዞራት አይተውኝ፣ «አንቺ ሂጂ፣ ሻይሽን አፍይ፤ የወደድሽውን ለሌላ ሰው አስገምቺ» ብለው አባረሩኝ። በሰው ፊት! ሳምንት አኩርፌያቸዋለሁ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሥራውን ብቻዬን ያዝኩት። ሐሙሲት፣ አዲስ ዘመን፣ ደብረ ታቦር ድረስ እጠራ ነበር። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ስንቱን አየሁ። ከዚያ ሁሉ ግን የምጽፍላችሁ ስለ አንዲቷ ነው።

ደሳለኝ የሚባል ያገራችን ልጅ ነበር። የተወለደው ከወረታ ወደ ሐሙሲት ሲሄዱ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። አዲስ አበባ መለዋወጫ ነግዶ ቀናውና፣ ለአባቱ ተዝካር አንዲት መኪና እየነዳ መጣ። ጀርመን ሠራሽ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ እንደ ሌሊት ሰማይ ጥቁር ሰማያዊ። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው ስንዝር ቢሆን ነው። በመገንጠያው ስታልፍ ሁላችንም ቆምን። ድምጿ በጆሮ አይደለም የሚገባው፣ በደረት ነው። ወይፈን ሲቆጣ ከሆዱ የሚያወጣው ድምፅ አለ፣ እንደሱ። አንድ የአህያ ጋሪ ነጂ ባርኔጣውን አውልቆ «ምን ሰው ነህ!» አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ፣ ለመኪናዋ ይመስለኛል።

ከአስፋልቱ እስከ እናቱ ግቢ ያለው መንገድ ጉድባ ነው። የመንደሩ ወንዶች ተጠራርተው ጉድባውን በድንጋይ ሞሉና ከላይ የሩዝ ገለባ እየጎዘጎዙ፣ ሙሽራ እንደሚያስገቡ አስገቧት። እሱ ሊመለስ ሲነሣ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቶ ነበርና፣ ዝቅ ያለችዋን መኪና ትቶ በአውሮፕላን ሊሄድ ሆነ። እናቱን እማሆይ አስካለን ጉልበት ስሞ፣ ቁልፉን በእጃቸው አስጨብጦ፣ «እማዬ፣ ለመስቀል መጥቼ እስክወስዳት፣ አደራ» አላቸው። መስቀል ሳይደርስ ታሞ አዲስ አበባ ላይ ሞተ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሚስቱ ህሊና ከሁለት ልጆቿ ጋር ባሕር ዳር ትኖራለች፤ ልጆቹን የምታስተምርበት ስላጠራት መኪናዋ ትሸጥ አለች። እማሆይ አይሆንም አሉ። «ታዲያ እርስዎ ያስቀሯትና ለልጆቹ ድርሻቸውን ይክፈሉ» ሲባሉም አይሆንም አሉ። «ምን ታደርግልዎታለች?» ሲባሉ ተነሥተው ወደ ላሞቻቸው ይሄዳሉ። ሰዉ እማሆይን በስስት ማማት ጀመረ፤ መነኩሲት ሆነው መኪና ወደዱ ተባለ። የቤቱ የንስሐ አባት ቄስ ምናሉ በመካከል ገቡና «እስቲ መጀመሪያ ዋጋዋ ይታወቅ» ብለው እኔን አስጠሩ።

ማለዳ ደረስኩ። እማሆይ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ ቀጭን፣ ቆባቸው ያዘነበለ። ላሞቹ ግቢው መሐል ታስረዋል። መኪናዋ ያለችው ላሞቹ የሚያድሩበት በረት ውስጥ ነው! ከብቱን አስወጥተው፣ ወለሉን ጎርፍ እንዳይደርስበት በድንጋይ ከፍ አስደርገው፣ በገለባ ጎዝጉዘው፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ አስመትተው አስገብተዋታል። ላሞቹ ሁለት ክረምት ዝናብ እየመታቸው ያደሩት ለእሷ ነው።

«ታንጉትዬ፣ ገብተሽ እይልኝ» አሉኝ። «ጠብቄ እንደሆነ እይልኝ።»

ያን ቃል ያን ጊዜ አልሰማሁትም። ጆሮዬ ሰማው፣ ልቤ አልሰማውም። ሸራው ሲገለጥ እኔ ሌላ ዓለም ሄድኩ።

እናንተዬ፣ ሰው ይህን ሠራ? ከፊቷ እስከ ጀርባዋ አንድም ቦታ «እዚህ ጋ ተገጠመ» የምትሉበት የለም፤ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለች ነው የምትመስለው። በሩን ስዘጋው «ጧ» አላለም፤ «እም» አለ፣ ምሥጢር እንደሚይዝ ሰው። ፀሐይ ስትወጣ የበረቱን በር አስከፍቼ አየኋት፤ ረግቶ የተኛ ውሃ። ስቱኮ የሚባል የለባትም። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳብኩ፤ ንጹሕ ነው። ውስጧ ስገባ መቀመጫው አቀፈኝ። ሁለት ዓመት የቆመ መኪና ቆዳው ደርቆ መሰንጠቅ ነበረበት፤ ይሄ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው። ሸተተኝ። ቅቤ!

«እማሆይ፣ ይሄን ቆዳ ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ እንደ ኮርቻ ያዝኩት እንጂ! ቆዳ ያለ ቅቤ ይደርቃል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ለጋ ቅቤ እቀባለሁ፣ በጨርቅ እወለውላለሁ። ለራሴማ ሐኪም የከለከለኝ ነው።»

ሣቅኩ። ልክ ናቸው ደግሞ፤ ቆዳው አልተሰነጠቀም። ባትሪው ስለሞተ ሞተሩ አይነሣም፤ ባትሪ ይቀየራል ብዬ አለፍኩት። ጎማዎቹ ከመቆም ብዛት በአንድ በኩል ተደፍጥጠዋል፤ እሱም ይቀየራል። አዲስ አበባ ለማውቀው ደላላ ደውዬ የእኩዮቿን ዋጋ ጠየቅሁ። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ከውጭ መግባቱ ከቆመ ወዲህ እንዲህ ያለችው ብርቅ ሆናለች አለኝ። ዋጋ ከቦታው ጋር ነው፤ ወረታ ላይ ሩዝ የማትጭን መኪና ማን ይገዛል? ስለዚህ ከአዲስ አበባው ዋጋ የማጓጓዣውን፣ የጎማውን፣ የባትሪውን ቀነስኩና በቄሱና በህሊና ፊት ጠራሁት። የአራት ደህና አይሱዙ ዋጋ።

ህሊና አፏን በእጇ ያዘች። እማሆይ ግን ስለ ገንዘቡ ምንም አላሉም። «ምንም አልጎደለባትም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም አልጎደለባትም፣ እማሆይ። እንደ ሰጠዎት ናት።»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ያስገረመ ነገር ተናገሩ፤ «በሉ፣ እንግዲህ ተረከቡኝ» አሉ።

ለካ እማሆይ መኪናዋን ፈልገዋት አይደለም! አደራ ያለው ልጃቸው ሞተ፤ አደራውን ለማን፣ እንዴት ይመልሱ? እንዲያው «ውሰዱ» ብለው ቢለቁ፣ ጎድሎ ቢገኝስ? በእኛ አገር አደራ ከብት ሲመለስ በምስክር ፊት ጥርሱ ታይቶ፣ ገላው ታይቶ፣ «እንዳለ ነው» ተብሎ ነው። እማሆይ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚጠብቁት «እንዳለ ነው» የሚላቸውን ሰው ነበር። እኔም አልኳቸው። ሞተሩን ሳላስነሣ አልኳቸው።

በሳምንቱ ህሊና አዲስ አበባ ገዢ አገኘችና መኪናዋን አስነሥቶ እንዲጭን ሙሉቀን የሚባል የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ከባሕር ዳር ይዛ መጣች። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እጁም ጎበዝ ነው። አዲስ ባትሪ አስገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ ጸጥ። መልሶ አዞረ፤ ጸጥ። ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰና ቆየ። ከዚያ ወንበሩን ፈቶ አወጣው።

«እትዬ ታንጉት፣ መጥተው ይዩ።»

ከወንበሩ ሥር ጎጆ አለ። የሩዝ ገለባ፣ የስፖንጅ ፍርፋሪ፣ የላም ፀጉር። ከጎጆው ጀምሮ በምንጣፉ ሥር እስከ ሞተሩ ድረስ ሽቦው ሁሉ ተግጦ መዳቡ ያብለጨልጫል።

«ይሄ ሽቦ አይደለም፣ ጎመን ነው» አለ ሙሉቀን። «አይጥ ግብዣ አድርጎበታል።»

«ምን ብሎ እዚህ ገባ?»

«እትዬ፣ ገለባ ተጎዝጉዞለት፣ ቅቤ ተቀብቶለት! እኔም አይጥ ብሆን እገባ ነበር።»

አልሣቅሁም። እኔ አፍንጫዬን አምኜ የኖርኩ ሴት ነኝ። የአይጥን ሽታ ከአሥር እርምጃ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን የሸተተኝ ቅቤው ብቻ ነበር፣ አይጡን ቅቤው ሸፈነብኝ። ከወንበር ሥር እጄን ሳልሰድ የተነሣሁት ደግሞ ውበቷ አስሮኝ ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዋጋ ጠርቼ የመለስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ገማች ቃሉን ከመለሰ ምን ቀረው? የዋጋው ግን ይለፍ። እማሆይን «ምንም አልጎደለባትም» ብያቸዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በሰላም ተኝተው አድረዋል በእኔ ቃል። አሁን ደግሞ የጎዳት ቅቤዎ ነው ልላቸው ነው።

ህሊና ወደ ጎን ወሰደችኝ። «እትዬ፣ አይንገሯቸው። እኔ ከዋጋው እቀንሳለሁ፣ ገዢውም ያውቃል። እሳቸው ለምን ይወቁ? ያርጁበት በሰላም።»

ደግ ልጅ ናት። ልቤም ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ሳልነግራቸው የማልቀርበት ነገር ግን አለ፤ አደራውን በውሸት ቃል ካስረከቡ፣ አላስረከቡም ማለት ነው። እኚህ ሴት ሁለት ዓመት በሰው የታሙት ለልክ ነገር ብለው ነው፤ ልክ ያልሆነ ነገር አቅፈው እንዲኖሩ ማድረግ አልቻልኩም። ሄድኩና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ቄስ ምናሉም ነበሩ።

«እማሆይ፣ የዚያን ቀን አጥርቼ አላየሁም። ጎድሎባታል።»

«ምን?»

«ሽቦዋን አይጥ በልቶታል።»

«አይጥ ከየት መጣ? ድመት አስሬ!»

«ገለባው አሞቀው፣ ቅቤው ጠራው።»

መቁጠሪያቸውን ያዙ እንጂ አልቆጠሩም። ቄሱ «ለበጎ አስበው ነው፣ እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው» ቢሏቸው፣ «አባ፣ አደራ የሰጠኝ ልቤን አይደለም፣ መኪናውን ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ስንት አጎደልኩ?» አሉኝ።

አስቀድሜ ከሙሉቀን ጋር አስልቼው ነበር። ሽቦውን እየቀጠለ፣ የጎደለውን ከሌላ መኪና እያመጣ ያስነሣታል፤ ገዢውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። «የአንዲት መልካም ጥገት ላም ዋጋ» አልኳቸው።

ተነሡ። ግቢው መሐል የታሰረችውን ትልቋን ላም፣ ቡሬን ፈቱ። ጥቁርና ነጭ፣ ገና ለሦስተኛ ጊዜ የወለደች፣ ጡቷ እስከ ቋንጃዋ። ገመዱን ለህሊና ዘረጉላት። ቀጥለው ጊደሯንም ፈቱ።

«እማሆይ፣ ኧረ በፈጠረዎት! ላም ምን አደርጋለሁ?» አለች ህሊና።

«ያንቺ አይደለም፣ የልጆቹ ነው። አደራ በልቼ ልሙት?»

«እንግዲያው ቡሬ ብቻዋን ትበቃለች። ትበልጣለችም!»

«ቡሬ? ቡሬ አሮጊት ናት!»

«ማን፣ ቡሬ? ሦስተኛ ወልዳ? ይቺን የመሰለች ላም!»

«ወተቷ ቀንሷል። ትራገጣለች። ጊደሯ ካልተጨመረች አትሞላም።»

«አትራገጥም! ልጆቼ ሲያልቧት አይቻለሁ።»

እኔ ዕድሜዬን በገበያ ጨርሻለሁ። ሻጭ የራሱን ላም ሲያጣጥል፣ ገዢ ደግሞ ሲያወድስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሙሉቀን ፒንሳውን እንደያዘ ከበረቱ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ቆመ። ቄስ ምናሉ «ታንጉት፣ እባክሽ ገላግያቸው» አሉኝ።

ቡሬን ዞርኳት። ጥርሷን አየሁ፣ ቆዳዋን ቆንጥጬ ለቀቅሁ፣ አራቱንም ጡቶች አንድ በአንድ ጎትቼ አለብኩ። ጊዜ ወሰድኩ፤ ሰው ይሰልች አልኩ። «ነውሯ አንድ ነው» አልኩ፤ «የቀኝ የፊት ሸሆናዋ ተሰንጥቋል፤ በዝናብ ስላደረች ነው። ዋጋዋ ግን ከመኪናዋ ከጎደለው ጋር እኩል ነው። ጊደሯ ትቅር።»

እማሆይ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ዋጋ ጠርተሽ የምትመልሺ ሴት አይደለሽም? ዛሬን እንዴት ልመንሽ?»

ቄሱ ሣቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም ፊቴ ቀላ መሰለኝ። «እማሆይ፣ ላሟ ላይ ቅቤ አልተቀባም» አልኩ።

ያን ጊዜ ሣቁ። ጥርስ የላቸውም፤ ሣቃቸው የሕፃን ነው። ጊደሯን መልሰው አሰሩ።

ሙሉቀን ሽቦውን ቀጥሎ ሲጨርስ መኪናዋ ተነሣች። እንዴት ልንገራችሁ? ያ በደረት የሚገባ ድምፅ ሁለት ዓመት ታፍኖ ኖሮ ሲወጣ የበረቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ በሜዳው የተሰማራው ከብት ሁሉ አንገቱን አቀና። የሰው እጅ ብረትን እንዲህ አድርጎ ያናገረበት ጥበብ ምን ያህል ነው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ዞር ብዬ እማሆይን ሳያቸው ደግሞ ጥበቡ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ። እኔ ለመኪናዋ ነበር የማዳንቀው፤ እሳቸው ደግሞ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለመመስከር እንደሚነሣ ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር።

«ደሳለኝ የሰጠኝ ይኸው። የጎደለውን በቡሬ ሞልቻለሁ። አባ ይስሙ፣ ታንጉትም ትስማ።»

«ተረክቤያለሁ፣ እማሆይ» አለች ህሊና እያለቀሰች። «ነፍስዎ ነፃ ናት።»

«ቡሬንም ተረከቢ።»

ህሊና ገመዱን ያዘች። አየት አደረገችኝ፤ እኔም ምን ልታደርግ እንደሆነ አላወቅሁም። «ተረከብኩ። እንግዲህ የልጆቼ ናት» አለች። «ባሕር ዳር የምኖረው ግን የሰው ግቢ ተከራይቼ ነው፣ ላም የማስርበት የለኝም። ርቢ ላውጣት ነው። ወተቱ ለያዥ፣ የሚወለደው እኩል። ደህና ያዥ ካወቁ ይጠቁሙኝ።»

የእኛ አገር ርቢ ይኸው ነው፤ ከብት ያለው ለሌለው ይሰጣል፣ ያዡ ያረባል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ። እማሆይ ገባቸው። ቄሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቡሬን አዩ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጥጃው እኩል ከሆነ ልጆቹ በየበዓሉ መጥተው ይቁጠሩ» አሉ። «ሳይቆጠር አልይዝም።»

ገመዱ ተመልሶ እጃቸው ገባ።

መኪናዋን ለመጫን መንደሩ ሁሉ ወጣ። እንደ መጣችው በገለባ ላይ አስፋልቱ ድረስ ሄደች፣ ጣውላ ተነጥፎላት የጭነት መኪናው ላይ ወጣች። ጭነቱ ወደ ሐሙሲት ዞሮ እስኪሰወር ሰዉ ቆሞ ተመለከተ፤ እኔም እስከ መጨረሻው ተመለከትኩ። ዞር ስል እማሆይ አጠገቤ የሉም። ግቢ ብመለስ በረቱ ውስጥ ናቸው። ቡሬን አስገብተዋታል። አሮጌውን ገለባ በእጃቸው እየጠረጉ ያወጣሉ።

«እማሆይ፣ ይረፉ እንጂ! ነገ ይጠረጋል» አልኳቸው።

«ዞር በይ፣ ብርሃኑን አትከልይኝ» አሉኝ። «የሰው ላም ናት። እርጥብ ላይ አታድርም።»